ጠፍጣፋ ስፒከሮች፦ ድምፁ ከየት ይወጣል? ወዴትስ ይሄዳል? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ውፍረቱ ከመዝገበ ቃላት የማይበልጥ ሰሌዳ ሳሎን ውስጥ ቆሞ ሲዘፍን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ዞሮ ጀርባውን ማየት ነው። ሣጥኑን ይፈልጋል። ሣጥን የለም። ጥያቄው ከዚያ ይጀምራል። የድምፅ ዕቃ መትከልና መጠገን እንጀራዬ ስለሆነ እነዚህን ጥያቄዎች በየጊዜው እሰማለሁ፤ አንዳንዶቹን መልስ ያገኘሁላቸው ዕቃ አበላሽቼ ነው።

ሣጥንም ክብ ኮንም (በተለመደው ስፒከር ውስጥ የሚርገበገበው ጎድጓዳ ወረቀት) ሳይኖረው ድምፅ የሚያወጣው እንዴት ነው?

ስልክዎን ንዝረት ላይ ያድርጉትና በመዳፍዎ እንደያዙት ይደወልልዎት። መዳፍዎን ይኮረኩራል እንጂ ድምፁ እምብዛም አይሰማም። አሁን ያንኑ ስልክ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት፤ ጓዳ ያለ ሰው ሳይቀር «ስልክ እየጮኸ ነው» ይላል። ስልኩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሞተር ጉልበት አልጨመረችም። የጨመረው አየሩን የሚገፋው ገጽ ስፋት ነው። ጠባብ ነገር ሲርገበገብ አየሩ በግራና በቀኝ ሾልኮ ያመልጠዋል። ሰፊ ነገር ሲርገበገብ ግን አየሩ መሸሻ ስለሚያጣ ይጨመቃል፣ ተመልሶም ይሳሳል። ያ መጨመቅና መሳሳት ጆሯችን ሲደርስ ድምፅ እንለዋለን።

ማሲንቆም ከዚህ የተለየ አይደለም። የፈረስ ጭራው ብቻውን ቢገዘገዝ የሚያሰማው ሲርታ ነው። ጭራው ያረፈባት ትንሽ እንጨት ንዝረቱን ወደ ተወጠረው ቆዳ ታስተላልፋለች፤ አየሩን የሚገፋው ቆዳው ነው።

ዛሬ በየቤቱ ያለውን ስፒከር መልክ ያስያዙት ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ የጀነራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ናቸው፤ ዘመኑም 1925 እ.ኤ.አ. ነበር። በእነሱ ዕቃ በማግኔት መካከል የተቀመጠ ጥቅልል ሽቦ አንድ ኮን ከሥሩ ይዞ ወደፊትና ወደኋላ ይገፋል። ጠፍጣፋው ስፒከር ኮኑን በሰፊ ሰሌዳ ወይም በስስ ፕላስቲክ ይተካዋል። ሰፊ ስለሆነም ጥቂት መርገብገብ ይበቃዋል።

እንግዲያው ጠፍጣፋ ስፒከር ሁሉ አንድ ነው ማለት ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው ገዝቶ የሚቆጨውም ይህን ሳይለይ ስለሚገዛ ነው። «ጠፍጣፋ» የሚለው ቃል መልኩን እንጂ ጠባዩን አይናገርም። በአንድ ዓይነት መልክ ሥር ሁለት ተቃራኒ ሐሳቦች አሉ።

በመጀመሪያው ወገን የሰሌዳው ገጽ በሙሉ አንድ ላይ ይሄዳል፣ አንድ ላይ ይመለሳል፤ በሰልፍ እንደሚራመድ ጦር ማለት ነው። ኤሌክትሮስታቲክ የሚባሉትና በማግኔት የሚሠሩት ስስ ፕላስቲኮች እዚህ ይመደባሉ። በሁለተኛው ወገን ሰሌዳው ይታጠፋል፣ ይሞገዳል፤ አንዱ ክፍል ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ እንደ ቅዳሜ ገበያ ሕዝብ ሁሉም በየፊናው ነው። ለመጀመሪያው ወገን መታጠፍ ጉድለት ነው። ለሁለተኛው መታጠፍ ራሱ ሥራው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ ሁሉ፣ ድምፁ ወዴት ይሰራጫል የሚለውም ጭምር፣ ከዚህ ልዩነት የሚመነጭ ነው።

ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር ውስጥ ምን አለ?

ሁለት ወንፊት ፊት ለፊት አቁመው በመካከላቸው ከፀጉር እንኳን የሚስስ ፕላስቲክ ወጥረው ያስቡ። ወንፊቶቹ የተበሳሱ የብረት ሰሌዳዎች ናቸው። ፕላስቲኩ ጥቂት ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ብቻ የሚወፍር ሲሆን ኤሌክትሪክ እጅግ በዝግታ በሚያስተላልፍ ነገር ተቀብቷል። ፕላስቲኩ በብዙ ሺህ ቮልት ይሞላና ሙሌቱን ይዞ ይቀመጣል። ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣው ሙዚቃ በትራንስፎርመር ቮልቴጁ ከፍ ይደረግና ወደ ሁለቱ ወንፊቶች ይላካል፤ አንዱ ፖዘቲቭ ሲሆን ሌላው ኔጌቲቭ ይሆናል። ፕላስቲኩን አንዱ ይስበዋል፣ ሌላው ይገፋዋል። ሙዚቃው ሲገለበጥ እነሱም ሚና ይለዋወጣሉ።

ውበቱ እዚህ ላይ ነው። ኮን ከመሐሉ ተይዞ ሲገፋ ጠርዙ «ዘግይቶ» ይከተላል፤ እዚህ ግን ጉልበቱ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ በእኩል ያርፋል፤ የሚመራና የሚከተል ክፍል የለም። ክብደቱንም እናስላው። 6 ማይክሮሜትር የሚወፍር ፖሊስተር በአንድ ካሬ ሜትር 8 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ይህም በባሕር ወለል ከፍታ 7 ሚሊሜትር የሚወፍር የአየር ንጣፍ ከሚመዝነው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ አየሩን የሚገፋው ነገር ከአየሩ እምብዛም አይከብድም። ሙዚቃው «ቁም» ሲለው ይቆማል። የበገና ክር ከተነካ በኋላ ያለው ዝዝታ ወይም የአንድ ድምፃዊ ትንፋሽ በዚህ ስፒከር ሲሰማ የሚያስገርመው ለዚህ ነው።

በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ታላቅ የንግድ ስኬት በ1957 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበው የፒተር ዎከር ኳድ የተባለው ስፒከር ነው። የቤት ማሞቂያ ራዲያተር ይመስላል፤ ለወፍራሙ ድምፅ የተመደቡት ክፍሎቹ 6,000 ቮልት ገደማ ይሞላሉ። ዛሬም ጠግነው የሚያዳምጡት ሰዎች አሉ።

ያ ሁሉ ቮልት አያሰጋም?

የመሙያው ኃይል የሚያወጣው ከረንት እጅግ ትንሽ ነው። በሙዚቃው በኩል ያለው ትራንስፎርመር ግን ቀልድ አይደለም፤ ሽፋኑን ከፍቶ መነካካት ለማያውቅ ሰው አይመከርም። ይበልጥ የሚያስቸግረው አቧራ ነው። የተሞላ ፕላስቲክ አቧራን እንደ ማግኔት ይስባል፤ በበጋ መስኮት ተከፍቶ በሚዋልበት ቤት የድምፁ ኃይል ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ አልፎ አልፎም ጠ-ጠ የሚል ድምፅ ይሰማል።

በማግኔት የሚሠራው ጠፍጣፋስ?

ስስ ፕላስቲክ ላይ ቀጭን የአሉሚኒየም መስመር እየተመላለሰ ይለጠፋል፤ ከጀርባው፣ አንዳንዴም ከፊቱ ጭምር፣ የማግኔት ዘንጎች በረድፍ ይደረደራሉ። ሙዚቃው በአሉሚኒየሙ ሲያልፍ ማግኔቱ ይገፋዋል። የተለመደውን ጥቅልል ሽቦ ፈትተው ገጹ ላይ ያነጠፉት ያህል ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ አይፈልግም፣ ከግድግዳ ሶኬትም አይሰካም። በአሜሪካ ሚኒሶታ ጂም ዊኒ በ1969 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ማግኔፓን በዚህ ስሙ የታወቀ ነው።

ጉዳቱ ጉልበት መብላቱ ነው። ማግኔቶቹ ከፕላስቲኩ ራቅ ብለው ስለሚቀመጡ መስካቸው ይላላል፤ አነስተኛ አምፕሊፋየር ይዞ የመጣ ሰው «ይህ ስፒከር ታሟል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የታመመው አምፕሊፋየሩ ነው።

እየታጠፈ የሚሠራው ሰሌዳ እንዴት ሙዚቃ ይሆናል? መንቀጥቀጥ ብቻ አይሆንም ወይ?

ከሁሉም የሚከብደውም የሚጥመውም ይህ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

ቀላልና ደንዳና ሰሌዳ እንውሰድ፤ በሁለት ስስ ሽፋኖች መካከል እንደ ማር እንጀራ ክፍልፋይ ያለው፣ ወይም ተራ ኮምፔንሳቶ። ከጀርባው አንዲት ነዛሪ ትለጠፋለች። ነዛሪ የምለው በገበያ ኤክሳይተር የሚባለውን፣ ኮኑ ተነቅሎ የቀረ ስፒከር የሚመስለውን ክብ ዕቃ ነው። ነዛሪዋ ሰሌዳውን አንድ ቦታ ላይ ስትኮረኩረው ከዚያ ነጥብ የመታጠፍ ሞገድ ይነሳና በሰሌዳው ውስጥ ይሮጣል፣ ጠርዙ ላይ ተጋጭቶ ይመለሳል፣ ከሚመጣው ጋር ይገናኛል። ሄያጁና ተመላሹ በሚስማሙበት ድግግሞሽ የሰሌዳው አንዳንድ ክፍል በኃይል ይርገበገባል፣ አንዳንዱ መስመር ደግሞ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ሰሌዳውን በአግድም አስቀምጠው ጤፍ ይበትኑበት። ከስልክዎ አንድ ወጥ ድምፅ ለነዛሪዋ ይላኩ፤ 200 ኸርዝ እንበል፣ በሴኮንድ 200 ንዝረት ማለት ነው። ጤፉ ይዘላል፣ ይሸሻል፣ በመጨረሻም ጸጥ ባሉት መስመሮች ላይ ተሰልፎ ጥለት የመሰለ ሥዕል ይሠራል። ድምፁን ወደ 430 ያድርጉት፤ ሥዕሉ ይፈርስና ሌላ ይሠራል። ኤርንስት ክላድኒ የተባለ ጀርመናዊ በ1787 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ይህንኑ ነበር፤ እሱ አሸዋና የቫዮሊን ቀስት ነበረው። ጤፍ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፣ ደቃቅ ነውና መስመሩ ይጠራል። ባለቤቴ በዚህ አልተስማማችም።

ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ ሥዕሎቹ እየደቀቁና እየተቀራረቡ ይመጣሉ። ሙዚቃ በአንድ ጊዜ ብዙ ድግግሞሽ ስለሚይዝ በመቶ የሚቆጠሩ ሥዕሎች በአንድ ላይ ሰሌዳው ላይ ይደራረባሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ቢሆን ኖሮ የራሱን ድምፅ አጉልቶ የሌላውን በዋጠ ነበር። ብዙ ሲሆኑና ተቀራርበው ሲደረደሩ ግን የአንዱን ጉድጓድ የሌላው ኮረብታ ይሞላዋል። የሰሌዳ ሠሪው ጥበብ ሥዕሎቹን ማጥፋት ሳይሆን ሳይጨናነቁ እኩል እንዲበተኑ ማድረግ ነው።

ሐሳቡ ወደ ገበያ የወጣው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ነው፤ ኤንኤክስቲ የተባለ ኩባንያ ሰፊ ስም አተረፈበት። መነሻው የመከላከያ ምርምር ሲሆን የሚፈለገውም ተቃራኒው ነበር፤ ቀላል ሰሌዳዎች የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር ክፍልን ጫጫታ እንዲያፍኑ ሲሞከሩ ድምፅ በማውጣት በጣም ጎበዝ ሆነው ተገኙ።

ነዛሪዋ የት ትለጠፍ? መሐል ላይ አይሻልም?

እኔም መሐል ይሻላል ብዬ ነበር። የመጀመሪያውን ሰሌዳዬን በሜትር ለክቼ፣ ሁለት ሰያፍ መስመር በእርሳስ አስምሬ፣ ልክ መገናኛቸው ላይ ለጠፍኳት። አንዳንድ ኖታ ይጮኻል፣ አንዳንዱ የለም። ዘፋኟ ወደ ጓዳ ገብታ የምትወጣ ይመስል ነበር።

ምክንያቱ በጤፉ ይታያል። ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ ጸጥ ያለ መስመር ልክ በመሐል የሚያልፍባቸው ናቸው። ነዛሪዋ በማይንቀሳቀስ መስመር ላይ ከተቀመጠች ያንን ሥዕል ልትቀሰቅሰው አትችልም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ሥዕሎች ሳይነሱ ይቀራሉ። ከመሐል ጥቂት ፈቀቅ ስትል፣ ለምሳሌ ከአንዱ ጎን ዘጠኝ እጅ ተከፍሎ አራተኛው ላይ፣ ከሌላው ጎን ሰባት እጅ ተከፍሎ ሦስተኛው ላይ፣ አብዛኞቹን ትነካቸዋለች። ሰሌዳውም ካሬ ባይሆን ይመረጣል፤ በካሬ ሁለቱ ጎኖች አንድ ዓይነት ሥዕል ስለሚሠሩ ጉልበቱ አንድ ቦታ ይከማቻል። ከበሮ መቺ ይህን ያለ ሒሳብ ያውቀዋል፤ መሐሉን ሲመታውና ጠርዙን ሲመታው የሚወጣው ድምፅ አንድ አይደለም።

ድምፁ ወዴት ይሰራጫል? ለምን አንዳንዱ ከመቀመጫ ስነሳ ይጠፋብኛል?

የድምፅ ሞገድ ርዝመት አለው። አየሩ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ የ100 ኸርዝ ሞገድ 3.4 ሜትር፣ የ1,000 ኸርዝ 34 ሴንቲሜትር፣ የ10,000 ኸርዝ 3.4 ሴንቲሜትር ይረዝማል። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ድምፅ የሚያወጣው ገጽ ከሞገዱ ካነሰ ድምፁ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ገጹ ከሞገዱ ከበለጠ ድምፁ ወደፊት ብቻ ይተኮሳል።

60 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ኤሌክትሮስታቲክ ሰሌዳ ለ100 ኸርዝ ትንሽ ነው። ለ10,000 ኸርዝ ግን የሞገዱን 17 እጥፍ ይሆናል፤ ቀጭኑ ድምፅ እንደ ባትሪ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሶፋው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉን ይሰማል፤ ሻይ ሊቀዳ ሲነሳ ጽናጽሉ ይጠፋበታል። ስፒከሩ አልተበላሸም፤ ሰውየው ከብርሃኑ ወጥቷል።

ሠሪዎች ለዚህ የተለያየ ዘዴ አበጅተዋል። ማርቲን ሎጋን የተባለው ኩባንያ ፕላስቲኩን ራሱን እንደ በርሜል ጎን ጎበጥ አድርጎ ድምፁን ወደ 30 ዲግሪ ይዘረጋዋል። ማግኔፓን ቀጭኑን ድምፅ ለጠባብ ቁመታም ስትሪፕ ሰጥቶታል፤ ጠባብ ስለሆነ በጎን ይበተናል፣ ቁመታም ስለሆነ ቢቆሙም ቢቀመጡም አይጠፋም። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የኳድ ሁለተኛው ዕቃ ነው፤ ሥራው በ1963 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ለገበያ የቀረበው በ1981 ነው። ወንፊቶቹ እንደ ዒላማ በክብ ቀለበቶች ተከፋፍለዋል፤ ሙዚቃው መጀመሪያ መሐሉ ይደርሳል፣ ከዚያ በጥቂቱ እየዘገየ ወደ ውጭ ቀለበቶች ይሄዳል። ኩሬ ላይ ጠጠር ሲጣል ክቦቹ እንደሚሰፉት ነው። ጠፍጣፋው ፕላስቲክ ጠፍጣፋ እንደሆነ ይቀራል፤ ከእሱ የሚወጣው ሞገድ ግን ከጀርባው 30 ሴንቲሜትር ገደማ ርቆ ካለ አንድ ነጥብ የተነሳ ይመስል ኳስ ሆኖ ይሰፋል። ለዚህ 18 ዓመት መልፋት አይበዛበትም እላለሁ።

የሚታጠፈው ሰሌዳ ይህ ችግር አይነካውም። እያንዳንዱ ክፍል በየፊናው ስለሚሄድ አንድ ላይ ሆኖ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚተኩስ ገጽ የለም። ሰሌዳው ሜትር ቢሰፋም ቀጭኑ ድምፅ በሰፊው ይበተናል። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ ያስታውሱ፤ ድምፁ ከየትኛው ቦታ እንደመጣ ማመልከት አይቻልም፣ አልጋው ላይ ቢሆኑ በር ላይ ቢቆሙ ለውጡ ጥቂት ነው። የዚህ ሰሌዳ ስርጭት ወደዚያ ይጠጋል።

ዋጋው ግን አለ። በሰልፍ የሚሄደው ገጽ ከበሮው በስተግራ፣ ዋሽንቱ በስተቀኝ ሁለት ክንድ ርቆ እንዳለ ያሳያል። የሚታጠፈው ሰሌዳ ሞገዱ ውስጡ እየተመላለሰ ስለሚዘገይ ያንን ጥራት ያደበዝዘዋል። ዓይን ጨፍኖ ሙዚቀኞችን ለመቁጠር የመጀመሪያውን፣ ቤት ሙሉ እንግዳ ይዞ ሁሉም እኩል እንዲሰማ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ግድግዳ ላይ ልሰቅለው እችላለሁ?

የትኛውን? የመጀመሪያውን ወገን አይስቀሉት። ሣጥን ስለሌለው ወደፊት የሚልከውን ያህል ወደኋላም ይልካል፤ ፊቱ ሲጨምቅ ጀርባው ያሳሳል። ከላይ ቢታይ ስርጭቱ የፈረንጆቹን 8 ቁጥር ይመስላል፣ ፊትና ኋላ ሙሉ፣ በጎኑ ባዶ። በሚዘፍን ሰሌዳ ጎን፣ ልክ በጠርዙ አንጻር ጆሮዎን ቢያስጠጉ ድምፁ ተሰርቆ እንደሄደ ይሰማዎታል፤ ከፊትና ከኋላ የሚመጡት ሁለት ተቃራኒዎች እዚያ ተገናኝተው ይጠፋፋሉ። ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ያርቁት። ያኔ የኋላው ድምፅ 2 ሜትር ገደማ ተጨማሪ መንገድ ተጉዞ፣ በ6 ሚሊሴኮንድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ጆሮም እንደ ክፍሉ ስፋት ይቆጥረዋል። ቢለጥፉት ሁለቱ ተደባልቀው ድምፁ ይጨቀያል። የጎኑን ባዶነት ደግሞ ይጠቀሙበት፤ ባዶውን ጎን ወደ ጎረቤት ግድግዳ ያዙሩት።

የሚታጠፈው ሰሌዳ የበለጠ ታጋሽ ነው። ከግድግዳ ጥቂት ሴንቲሜትር ርቆ፣ ሥዕል መስሎ መሰቀል ይችላል።

ባሱ ለምን ይሳሳል?

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው አሁን ያልነው የኋላ ድምፅ ነው፤ የ50 ኸርዝ ሞገድ 7 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአንድ ሜትር ሰሌዳ አያግደውም፣ ከኋላ ዞሮ መጥቶ የፊቱን ያጠፋዋል። ሁለተኛው የቦታ ጉዳይ ነው። ድግግሞሹ በግማሽ ሲወርድ ያንኑ ኃይል ለመስጠት ገጹ አራት እጥፍ ርቀት መርገብገብ አለበት፤ የኋላው ድምፅ የሚያጠፋውን ስንጨምር ስምንት እጥፍ ይሆናል። በወንፊቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ በሚሊሜትር የሚቆጠር ነው። የሚታጠፈው ሰሌዳም የራሱ ገደብ አለው፤ በታችኛው ድምፅ ሥዕሎቹ ጥቂትና የተራራቁ ስለሆኑ ጉድጓዱን የሚሞላ ጎረቤት የለም። በካታሎግ ላይ «ስስ፣ ግን ነጎድጓድ ባስ» የሚል ካዩ አንዱ ቃል ትክክል አይደለም። ለባሱ ሣጥን ያለው ሰብዉፈር ይጨምሩ፤ ማፈሪያ የለውም።

ስክሪኑ ራሱ ይናገራል የሚባለው ቴሌቪዥን እውነት ነው?

እውነት ነው። ሶኒ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው የኦሌድ ቴሌቪዥን ከስክሪኑ ጀርባ የተለጠፉ ነዛሪዎች መስታወቱን ያንቀጠቅጡታል፤ ድምፁ ከተዋናዩ አፍ የወጣ ይመስላል። ኦሌድ የተመረጠው ከጀርባው የተለየ መብራት ስለማይፈልግና አንድ ስስ ንጣፍ ስለሆነ ነው፤ ኤልሲዲ የተደራረበ ስለሆነ ንዝረቱ ይዋጥበታል። ምስሉ አብሮ አይንቀጠቀጥም ወይ ለሚሉ፣ እንቅስቃሴው ለዓይን እጅግ ትንሽ ነው። ባሱን ግን መቆሚያው ውስጥ የተደበቀ ሰብዉፈር ነው የሚሠራው።

የአዲስ አበባ ከፍታ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፣ ብዙ ሰው በማያስብበት መንገድ። የድምፅ ፍጥነት በከፍታ አይለወጥም፤ የሚለውጠው ሙቀት ነው። የአየሩ ክብደት ግን 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የሚገፋው አየር ቀለል ስላለ ያው ስፒከር በያው እንቅስቃሴ ወደ 2 ዴሲቤል ያነሰ ድምፅ ይሰጣል። ይህ ለሁሉም ዓይነት ስፒከር ነው። ለኤሌክትሮስታቲኩ ሌላም አለው፤ አየር ሲሳሳ ብልጭታን የመከልከል አቅሙ ይቀንሳል። በባሕር ወለል ደረቅ አየር በአንድ ሚሊሜትር 3,000 ቮልት ገደማ ይችላል፤ እኛ ዘንድ ከዚያ ባነሰ ይሰበራል። እዚያ ጫፍ ድረስ ተጎትቶ የተሠራ ስፒከር እዚህ መጥቶ ድምፁ ከፍ ሲል ጠ-ጠ ቢል አያስገርምም። ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ድምፁን ከፍ ለማድረግ ባይቸኩል ይሻለዋል።

ለአዳራሽ ወይም ለጸሎት ቤት ይሆናል?

የሚታጠፈው ዓይነት ለንግግር ይሆናል። ድምፁ የተበተነ ስለሆነ ማይክሮፎኑ ፊት ቶሎ አያፏጭም፤ የፊት ረድፉን ሳያደነቁር የኋላውን ይደርሳል። ለትልቅ መዘምራንና ለከበሮ ግን ብቻውን አይበቃም።

ቤት ውስጥ መሥራት እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ከሁሉም ስፒከር የሚቀለው ይህ ነው። ኤሌክትሮስታቲኩን ይተዉት፤ የሚታጠፈውን ይሥሩ። የቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም ወይም 3 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ፣ 60 በ45 ሴንቲሜትር ገደማ ይቁረጡ። ፎሙ ከፍ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ኮምፔንሳቶው ዝግ ይላል ግን ድምፁ ይሞቃል። ኮምፔንሳቶ ከሆነ ገጹን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሹት፤ ነዛሪዋን ከመሐል ፈቀቅ አድርገው ይለጥፉ፤ ከላይ በሁለት ክር ይንጠልጥሉት። አጥብቀው በፍሬም አይቸንክሩት፣ ጠርዙ መተንፈስ አለበት። የሚያንጫጫ ኖታ ካገኙ ሙዚቃውን ሳያቆሙ በጣትዎ ጠርዙን ዳር ዳሩን ይጫኑት፤ ጩኸቱ ዝም የሚልበት ቦታ ሲገኝ እዚያ ከጀርባ ትንሽ የስፖንጅ ቁራጭ ይለጥፉ። የእኔ ሦስተኛው ሰሌዳ ጀርባው ላይ አምስት ቁራጭ አለው፤ አንዱ ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ የተቆረጠ ነው።